የነሐሱ ሯጭ፦ የሄይስማን ሽልማትና የኤርኒ ዴቪስ ታሪክ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል የጋራ ሥራን ኃይል ለመግለጽ ዘወትር ይጠቀሳል። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ከድሮቹ ሁሉ የጠነከረው የትኛው ነበር? በጦር ሜዳም ሆነ በኪነ ጥበብ፣ በእርሻም ሆነ በስፖርት፣ የሰው ልጅ በጋራ የተሠራውን በአንድ ሰው ስም የመጥራት ልማድ አለው። ሽልማት የሚባለውም ነገር የዚህ ልማድ ልጅ ነው። ይሁንና ሽልማት ስለ ተሸላሚው ብቻ አይናገርም፤ ስለ ሸላሚውም ይመሰክራል። የአንድን ሽልማት መዝገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመረምር ሰው፣ በየዘመኑ ማን እንደታየ ብቻ ሳይሆን ማን ሳይታይ እንደቀረ ጭምር ይረዳል።

ለዚህ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው የሄይስማን ሽልማት ነው። ከ1935 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠው ይህ ሽልማት «ዋንጫ» ይባል እንጂ ጽዋ የለውም። ኳሷን በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ ሌላውን ክንዱን ዘርግቶ፣ ሊይዘው የሚመጣውን ባላጋራ እየገፋ የሚሮጥ ተጫዋችን የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ነው። ይህ የነሐስ ሯጭ 26 ጊዜ ለተለያዩ ወጣቶች ከተሰጠ በኋላ፣ በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጥቁር አሜሪካዊ እጅ ገባ። የወጣቱ ስም ኤርኒ ዴቪስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውና ባለ ስሙ

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚሉት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ዘንድ የሚወደደውን እግር ኳስ አይደለም። እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ በእጅ እየተያዘችና እየተወረወረች፣ በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ የባላጋራን ሜዳ ያርድ በያርድ ለመንጠቅ የሚጋፉበት ጨዋታ ነው። ኳሷን ይዞ የሚሮጠው አንድ ሰው ቢሆንም፣ በትከሻቸው እየገፉ መንገድ የሚከፍቱለት ሌሎች ናቸው። በ1869 በራትገርስና በፕሪንስተን ተማሪዎች መካከል የተካሄደው ግጥሚያ የዚህ ስፖርት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። የተማሪዎች ጨዋታ ሲባል የትምህርት ቤት ሜዳ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል።

ሽልማቱ ስሙን ያገኘው ከአሠልጣኙ ከጆን ሄይስማን ነው። ሄይስማን የተወለደው በዚያው በ1869 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ነበር። በብራውንና በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫውቶ፣ ሕግም ተምሮ፣ ከ1892 ጀምሮ ግን ሙያውን ማሠልጠን አደረገ። ጨዋታ በማይኖርበት ወራት በቴአትር መድረክ ላይ የሚተውን፣ በቃላት አጠቃቀሙም እንደ ተዋናይ የሚራቀቅ ሰው እንደነበር ይነገርለታል። በ1916 ያሠለጥነው የነበረው የጆርጂያ ቴክ ቡድን የከምበርላንድ ኮሌጅን 222 ለ 0 ማሸነፉ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ክብረ ወሰን ነው።

የሄይስማን ትልቁ አስተዋጽኦ ግን ከዚህ ውጤት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በዚያ ዘመን ጨዋታው እጅግ አደገኛ ስለነበር፣ በ1905 ብቻ 18 ያህል ወጣቶች በሜዳ ላይ በደረሰባቸው ጉዳት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ተጠሪዎች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲሻሻል እስከ መጠየቅ ደረሱ። ሄይስማን ከዚህ ቀደም ብሎ ኳሷ በእጅ ወደ ፊት እንድትወረወር እንዲፈቀድ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ ነበር። ይህ ደንብ በ1906 ጸደቀ፤ ጨዋታውም በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከመደቋቆስ ተላቆ ወደ ሰፊው ሜዳ ወጣ። ዕድሜውን በሙሉ 11 ሰው እንደ አንድ ሰው እንዲንቀሳቀስ ሲደክም የኖረ አሠልጣኝ፣ ስሙ የአንድ ግለሰብ ሽልማት መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ታሪክ ከሚያሳያቸው ተቃርኖዎች አንዱ ነው።

ክለቡ፣ ቀራፂውና የመጀመሪያው ተሸላሚ

ሄይስማን ከአሠልጣኝነት ከተሰናበተ በኋላ በኒው ዮርክ በማንሐተን ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የዳውንታውን አትሌቲክ ክለብ የስፖርት ኃላፊ ሆነ። የክለቡ አባላት በአመዛኙ የንግድና የሕግ ሰዎች ነበሩ። ክለቡ በ1935 ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት ሲያቋቁም፣ ሽልማቱ የሚጠራው በክለቡ ስም እንጂ በሄይስማን ስም አልነበረም። ሄይስማን በጥቅምት 1936 መባቻ በሳንባ ምች ሲሞት፣ ክለቡ ሽልማቱን በስሙ ሰየመው፤ በዚያው ዓመትም የመላ አገሪቱን ተጫዋቾች እንዲያካትት አደረገ።

ሐውልቱን የቀረጸው ፍራንክ ኤሊስኩ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ የጀመረ ያልታወቀ ቀራፂ ነበር። ለሞዴልነት የመረጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልንጀራውን፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይጫወት የነበረውን ኤድ ስሚዝን ነው። ስሚዝ ለወዳጁ ሲል በትጥቁ ቆሞ ታየ፤ ከዚያም ጉዳዩን ረሳው። ያ ቅርጽ በአገሪቱ ታዋቂው የስፖርት ሽልማት መሆኑን ያወቀው በ1982፣ ከ47 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የሚመኙት አካል የራሱ መሆኑን ሳያውቅ ኖረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተሸላሚ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄራልድ ፎርድ በተማሪነታቸው ለሚሺጋን ሲጫወቱ በርዋንገርን ሊጥሉ ሲሞክሩ ከግራ ዓይናቸው ሥር ጠባሳ እንደተረፋቸው ይታወቃል። በ1936 የፕሮፌሽናል ሊጉ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ ሥርዓት ሲጀምር በአንደኛነት የተመረጠውም እርሱ ነበር። ይሁን እንጂ በክፍያ ስላልተስማማ አንድም ቀን በፕሮፌሽናልነት ሳይጫወት ወደ ንግድ ሥራ ገባ። ሽልማቱም ገና ክብሩን ስላላገኘ፣ አክስቱ ቤት ለዓመታት የበር ማስደገፊያ ሆኖ አገልግሏል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ ጨዋታው ከትምህርት ዓላማ ጋር አይሄድም በማለት የፉትቦል ቡድኑን እስከ መዝጋት ደረሰ።

በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በአንድ ዓመት የሞቱ

የሄይስማን ተሸላሚ የሚመረጠው በድምፅ ነው። በመላ አገሪቱ የሚገኙ የስፖርት ጋዜጠኞች እያንዳንዳቸው ሦስት ተጫዋቾችን በደረጃ ይጠቅሳሉ፤ አንደኛ የተባለው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል። በቀደሙት ዐሥርተ ዓመታት ቴሌቪዥን ስላልነበረ ወይም ስላልተስፋፋ፣ በምዕራብ ጠረፍ የሚኖር ጋዜጠኛ በምሥራቅ የሚጫወተውን ወጣት የሚያውቀው ከሌሎች ጋዜጦች ባነበበው ብቻ ነበር። ስለዚህ ለመመረጥ በሜዳ ላይ መብለጥ ብቻውን አይበቃም፤ መታየትና መወራትም ያስፈልግ ነበር። በዘር መድልዎ በተከፋፈለች አገር ደግሞ መታየት ለሁሉም እኩል የተሰጠ ዕድል አልነበረም።

በ1918 የተወለዱ ሁለት ወጣቶች ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የመጀመሪያው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ናይል ኪኒክ ነው። በ1939 የሄይስማን ተሸላሚ ሲሆን አውሮፓ በጦርነት መንደድ ጀምራ ስለነበር፣ ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ዕጣው በአውሮፓ የጦር ሜዳዎች ሳይሆን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የጨዋታ ሜዳዎች በመሆኑ ፈጣሪውን አመሰገነ። ጦርነቱ ግን ወደ እርሱም መጣ። የባሕር ኃይል አብራሪ ሆኖ በመሠልጠን ላይ ሳለ፣ በሰኔ 1943 አውሮፕላኑ በቬኔዙዌላ ጠረፍ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሁለተኛው ዊልሜት ሲዳት ሲንግ ይባላል። የተወለደው በዋሽንግተን ከተማ ከጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ሲሆን፣ አባቱ ስለሞተ እናቱ ያገባችው ሕንዳዊ ሐኪም አሳደገው፤ ስሙንም ሰጠው። በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስም በፉትቦልም የቡድኑ አለኝታ ነበር። ስሙን ያዩ ጋዜጠኞች «ሕንዳዊው» እያሉ ሲጽፉለት ዩኒቨርሲቲው አላረመም። በ1937 ሲራክዩስ ወደ ባልቲሞር ሄዶ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊጋጠም በተዘጋጀበት ሰሞን፣ የጥቁሮች ጋዜጣ የነበረው ዋሽንግተን ትሪቢዩን እውነተኛ ማንነቱን አወጣው። በዚያን ጊዜ የሰሜን ዩኒቨርሲቲዎች ከደቡብ ቡድኖች ጋር ሲጫወቱ ጥቁር ተጫዋቾቻቸውን ማስቀመጣቸው የተለመደ፣ ያልተጻፈ ስምምነት ነበር። ሜሪላንድም ይህንኑ ጠየቀ፤ ሲራክዩስም ተስማማ። ሲዳት ሲንግ ከተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ሆኖ ቡድኑ ሲሸነፍ ተመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪላንድ ወደ ሲራክዩስ ሲመጣ ግን ተሰለፈ፤ ሲራክዩስም 53 ለ 0 አሸነፈ።

ሲዳት ሲንግም እንደ ኪኒክ አብራሪ ሆነ፤ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች በሠለጠኑበት በታስኪጊ ነበር ሥልጠናውን የተከታተለው። በግንቦት 1943፣ ኪኒክ ከመሞቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት፣ አውሮፕላኑ በልምምድ በረራ ላይ ሳለ ሂውረን ሐይቅ ውስጥ ወድቆ እርሱም ሞተ። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ዓመት ተወለዱ፤ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ፤ በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት አደጋ አለፉ። የአንደኛው ስም በስታዲየም ላይ ሲጻፍ፣ የሌላኛው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ከጥቂት ሰዎች ትዝታ አልወጣም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለዘመዶቹ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2013፣ ከ76 ዓመት በኋላ ነው።

አምስተኛው ሰው

ከሲዳት ሲንግ በኋላ በዚያው በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጥቁር ወጣት ተነሣ፤ ጂም ብራውን። ብራውን ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባው በነፃ ትምህርት ዕድል አልነበረም፤ የመጀመሪያ ዓመት ወጪውን ያዋጡለት ባደገበት ከተማ የሚኖሩ ወዳጆቹ ነበሩ። በአራተኛ ዓመቱ፣ በ1956፣ ከኮልጌት ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ብቻውን 43 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያ የውድድር ዘመን ኳስ ይዞ የሮጠው ርቀት 986 ያርድ ደርሶ ነበር። ቡድኑም ከአገሪቱ ታላላቅ የፍጻሜ ግጥሚያዎች አንዱ ለሆነው የኮተን ቦውል ውድድር በቃ።

የሄይስማን ድምፅ ሲቆጠር ግን ብራውን አምስተኛ ወጣ። ያሸነፈው የኖትር ዳሙ ፖል ሆርኑንግ ነበር። ሆርኑንግ መሮጥም፣ መወርወርም፣ በእግር መምታትም፣ መከላከልም የሚችል እውነተኛ ባለ ተሰጥኦ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቡድኑ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነበር። ከተሸናፊ ቡድን ወጥቶ ሄይስማንን የተሸለመ ተጫዋች ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የለም። ኖትር ዳም በመላ አገሪቱ ደጋፊዎች ያሉት፣ ስሙ በየጋዜጣው የሚነበብ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ለሆርኑንግ እንደረዳው የታወቀ ነው። የብራውን ቀለም ምን ያህል እንደጎዳው በቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም፤ በእነዚያ 22 ዓመታት አንድም ጥቁር ተጫዋች አለመሸለሙ ግን በራሱ ማስረጃ ነው። ብራውን በፕሮፌሽናልነት በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ በስምንቱ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ በመሆን ለመራጮቹ ምላሹን ሰጠ።

ቁጥር 44

ኤርኒ ዴቪስ በታኅሣሥ 1939 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ተወለደ። አባቱን በሕይወት አላወቀውም፤ በሕፃንነቱ ያሳደጉት አያቶቹ ሲሆኑ፣ 12 ዓመት ሲሆነው ወደ እናቱ ዘንድ ወደ ኤልማይራ፣ ኒው ዮርክ ሄደ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙ ስለገነነ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ፈለጉት። ወደ ሲራክዩስ እንዲሄድ ካግባቡት አንዱ ራሱ ጂም ብራውን ነበር። አሠልጣኙ ቤን ሽዋርትዝዋልደር የብራውንን የመለያ ቁጥር፣ 44ን፣ ለዴቪስ ሰጠው።

በ1959 ሲራክዩስ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የውድድር ዘመኑን አጠናቀቀ። በጥር 1 ቀን 1960 በዳላስ ከተማ በተካሄደው የኮተን ቦውል ግጥሚያ የገጠመው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን ነበር። የቴክሳስ ቡድን በሙሉ ነጮች ሲሆኑ፣ በሲራክዩስ በኩል ከዴቪስ ሌላ አርት ቤከርና ጆን ብራውን የተባሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። ዴቪስ የእግሩ ጡንቻ ተጎድቶ ሳለ ገብቶ፣ በጨዋታው መጀመሪያ የተወረወረለትን ኳስ ተቀብሎ ነጥብ ሲያስቆጥር እንቅስቃሴው 87 ያርድ ሸፈነ። ሲራክዩስ 23 ለ 14 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዴቪስም የጨዋታው ኮከብ ተባለ። በዚያው ምሽት በተዘጋጀው የሽልማት ግብዣ ላይ ግን ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ሽልማታቸውን ተቀብለው እስከ ዝግጅቱ ፍጻሜ ሳይቆዩ እንዲወጡ መጠየቃቸውን የቡድን ባልደረቦቻቸው በኋላ ተናግረዋል። በቀን ሜዳው ላይ የነገሠው ወጣት ማታ በአዳራሹ ውስጥ እንግዳ እንኳ ሊሆን አልተፈቀደለትም።

ዴቪስ በሦስት የውድድር ዘመናት 2,386 ያርድ በመሮጥ የብራውንን የዩኒቨርሲቲ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1961 መገባደጃ የሄይስማን ድምፅ ሲቆጠር 824 ነጥብ አገኘ፤ ሁለተኛ የወጣው የኦሃዮ ስቴቱ ቦብ ፈርጉሰን 771 ነበረው። ልዩነቱ 53 ነጥብ ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ፈርጉሰንም ጥቁር ነበር፤ አራተኛ የወጣው የሚኒሶታው ሳንዲ ስቲቨንስም እንዲሁ። 26 ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የኖረው በር ሲከፈት፣ ከበሩ ማዶ ሲጠባበቅ የነበረው አንድ ሰው አልነበረም። ስቲቨንስ የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራና ኳሷን የሚወረውር ተጫዋች ነበር። የፕሮፌሽናል ቡድኖች ጥቁር ሰው በዚያ የመሪነት ቦታ ላይ ለማሰለፍ ገና ፈቃደኛ ስላልነበሩ፣ ኑሮውን ፍለጋ ወደ ካናዳ ተሻገረ።

ዴቪስ ሽልማቱን ለመቀበል ኒው ዮርክ በተገኘበት ቀን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲም በከተማይቱ ስለነበሩ፣ አስጠርተው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ከሁለት ቀን ቀደም ብሎ በተካሄደው የፕሮፌሽናል ምርጫ ደግሞ ከአገሪቱ ወጣቶች ሁሉ በአንደኛነት ተመርጦ ነበር። የመረጠው ግን የዋሽንግተን ቡድን መሆኑ ለነገሩ ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል። የዋሽንግተኑ ቡድን ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላሰልፍም ብሎ በአቋሙ የጸና በሊጉ የመጨረሻው ሰው ነበር። አዲሱ ስታዲየም የተሠራው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር፣ የአገር ውስጥ ሀብት ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል መድልዎው ካልቆመ ሜዳውን እንደሚከለክሉት አስጠነቀቁት። ማርሻል ተገዶ ዴቪስን መረጠ፤ ወዲያውም ለክሊቭላንድ አሳልፎ ሰጥቶ በምትኩ ቦቢ ሚቸል የተባለውን ጥቁር ተጫዋች ተቀበለ። በዚህ ሁኔታ የዋሽንግተን ቡድን በር ተከፈተ፤ ዴቪስም ከጂም ብራውን ጋር በአንድ ማልያ ሊሰለፍ ወደ ክሊቭላንድ አመራ።

ያ ቀን ግን ሳይመጣ ቀረ። በ1962 የበጋ ወራት በቺካጎ ለሚደረግ ግጥሚያ ሲዘጋጅ ታመመ፤ ሕመሙም ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በነሐሴ ወር በክሊቭላንድ ስታዲየም ለተመልካች ሲተዋወቅ መብራቱ በእርሱ ላይ አርፎ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበለት ሜዳውን አቋረጠ። በፕሮፌሽናል ሜዳ ላይ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመጋቢት 1963 ሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት በተባለው መጽሔት ላይ በስሙ የወጣው ጽሑፍ ርእስ «ዕድለ ቢስ አይደለሁም» የሚል ነበር። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በግንቦት 18 ቀን 1963፣ በ23 ዓመቱ አረፈ። በኤልማይራ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰናበቱት፤ የአገሪቱ ሁለቱም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች በኀዘን አሰቡት። ክሊቭላንድ አንድም ጨዋታ ሳይጫወትበት ያለፈውን 45 ቁጥር ማልያውን ዳግመኛ ለማንም እንዳይሰጥ ወሰነ።

ከዴቪስ ወዲህ

ከዴቪስ በኋላ የመዝገቡ መልክ ተለወጠ። በ1965 ማይክ ጋሬት፣ በ1968 ኦ. ጄ. ሲምፕሰን ተሸለሙ። ከ1974 እስከ 1983 ባሉት አሥር ተከታታይ ዓመታት ውስጥ የተሸለሙት በሙሉ ጥቁር ሯጮች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የኦሃዮ ስቴቱ አርቺ ግሪፊን በ1974ና በ1975 በመሸለም ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ብቸኛው ሰው ሆኗል። በ1977 የተሸለመው ኧርል ካምቤል ደግሞ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። ዴቪስ በዳላስ የገጠመው ያው ዩኒቨርሲቲ ከ17 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ሄይስማን ያገኘው በጥቁር ተጫዋች ነው ማለት ነው። ሳንዲ ስቲቨንስ በተነፈገው የኳርተርባክ ቦታ የተጫወተ ጥቁር ወጣት ለመሸለም ግን እስከ 1989፣ እስከ ሂውስተኑ አንድሬ ዌር ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመራጮቹ ዓይን ገና ያልደረሰበት ቦታ አለ። በመድልዎው ዘመን ለጥቁር ተማሪዎች ከተቋቋሙት ኮሌጆች እስከ ዛሬ አንድም ተጫዋች ሄይስማንን አልተሸለመም፤ የግራምብሊንጉ ደግ ዊልያምስ በ1977 አራተኛ፣ የአልኮርን ስቴቱ ስቲቭ ማክኔር በ1994 ሦስተኛ ወጥተዋል። ከፊት ተሰልፈው ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱት የመስመር ተከላካዮችም እንዲሁ በዚህ መዝገብ ውስጥ ስም የላቸውም። ከነሐሱ ሯጭ ፊት የሚቀድሙት ሰዎች በሐውልቱ ላይ አልተቀረጹም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ክርክሩ ከቀለም ወደ ገንዘብ አዘንብሏል። የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች አማተር ነው በሚለው ደንብ መሠረት፣ ከነፃ ትምህርት ዕድል በቀር ክፍያ መቀበል ክልክል ነበር። ይህ የነፃ ትምህርት ሥርዓት በምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም፤ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ2005 ሄይስማንን የተሸለመው ሬጂ ቡሽ፣ ተማሪ ሳለ ቤተሰቡና እርሱ ጥቅም ተቀብለዋል በመባሉ በ2010 ሽልማቱን መለሰ። በ2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በ2024 ለቡሽ ሽልማቱ ተመለሰለት፤ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ መንገዱ ተከፈተ። ትናንት ያስቀጣ ነገር ዛሬ ደንብ ሆኗል።

ሽልማቱን የመሠረተው ክለብም ዛሬ የለም። ሕንፃው በመስከረም 2001 ከፈረሱት የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች አጠገብ ስለነበር ከጥቃቱ በኋላ ተዘግቶ በዚያው ቀረ፤ ሽልማቱን አሁን የሚያስተዳድረው በሄይስማን ስም የተቋቋመ ድርጅት ነው። ጆን ሄይስማን፣ ፍራንክ ኤሊስኩ፣ ኤድ ስሚዝ፣ ጂም ብራውን ሁሉም አልፈዋል። በኤልማይራ በዴቪስ ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የዴቪስ ሐውልት ቆሟል።

የሄይስማንን የስም ዝርዝር የሚያነብ ሰው በ1961 አንጻር «ኤርኒ ዴቪስ፣ ሲራክዩስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያገኛል። ያ መስመር ምን እንደሚመዝን ለመረዳት ግን ከበላዩ ያሉትን 26 መስመሮች አብሮ ማንበብ፣ በመካከላቸውም ያልተጻፉትን ማሰብ ያስፈልጋል። በባልቲሞር ወንበር ላይ የተቀመጠው ሲዳት ሲንግ፣ አምስተኛ የተባለው ብራውን፣ ከዚያ ቀደም ብለው በየሜዳው ሮጠው ስማቸው ከከተማቸው ያልወጣ ወጣቶች ሁሉ በዚያ አንድ መስመር ውስጥ አሉ። ዴቪስ ያን ሽልማት ይዞ የኖረው ለአሥራ ሰባት ወራት ብቻ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን በከፈተው በር እስከ ዛሬ ይገባሉ።